ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው ቤት መጻሕፍት ቤት ነው ወይስ የፊልም ድርጅት?

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጥዬ ነበር። 43 መልስ መጣ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች ማንበብ ከብዷቸዋል። ስለዚህ ክሩ (የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት ማለቴ ነው) እንዴት እንደሄደ በራሴ አፍ ላውራላችሁ። ስም አልጠራም፣ ቁጥር ብቻ። አንዳንዱ መልስ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን እዘላለሁ፤ የተዘለለ ይቅር ይበለኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

መጀመሪያ የእኔ ጥያቄ።

ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ገብቼ ፊልም እማራለሁ። ማታ ማታ ዲሲ መሀል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ከክላስ ወደ ሥራ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ስልኬ ሞቷል። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የሚል ቤት አየሁና ሶኬት ፍለጋ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር መጽሐፍ የመግዛት ሐሳብ አልነበረኝም። ቡና አዘዝኩ። የምግብ ዝርዝሩን ሳየው ለሳንድዊቾቹ የጥቁር ፊልም ሰሪዎች ስም ወጥቶላቸዋል። ቡናዬ እስኪመጣ ዞር ዞር ስል የፊልም መደርደሪያ አገኘሁ። አንዱን ዲቪዲ ሳነሳው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። አባቴ ስሙን ሲጠራው ሰምቼ ነው ያደግኩት። አይቼው ግን አላውቅም። የፊልም ተማሪ ነኝ እያልኩ!

ያን ማታ ፓርኪንጉ ውስጥ ገንዘብ የምቀበልባት ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ በመኪና በመኪና መሀል ስልኬን ስጎረጉር አደርኩ። ቤቱ የዚያው ፊልም ዳይሬክተር የኃይሌ ገሪማና የባለቤታቸው የሺሪኪያና አይና ነው። ፊልም የሚያከፋፍለው ማይፈዱ ፊልምስ የሚባለው ድርጅትም የእነሱ ነው። እኔ የፊልም ድርጅት ሲባል የሚታየኝ የመስታወት ሕንፃ ነበር፣ በር ላይ ዘበኛ፣ ውስጥ ሰፊ ሶፋ። እዚህ ያለው ግን የቡና ማሽን፣ መጽሐፍና እርጥብ ጃንጥላ ነው። ፊልሙን የሠራው ሰው ፊልሙን እዚያው ይሸጣል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ይህ ቤት ምን ይባላል፣ ሱቅ ነው ድርጅት? ደግሞስ ዛሬ የምንጀምር ልጆች ልንሞክረው የምንችለው ነገር ነው ወይስ የአንድ ሰው ወኔ ብቻ ነው? ከጥያቄው ይልቅ አድናቆቴ በዝቶ ነበር። በኋላ ስቆጥረው አምስት ቃለ አጋኖ አለበት። ሌላም ስህተት ነበረበት፤ እመጣበታለሁ።

መልስ 1 የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ካለ ሰው ነው። በጣም ጨዋ መልስ ነበር። መጀመሪያ መረቁኝ። ከዚያ ቤቱ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት ጀምሮ እንደሚያውቁት፣ ያኔ የቪዲዮ ካሴት ያከራይ እንደነበር ጻፉ። ዋናውን ነገር የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ቤቱ የተገዛው «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልም ባመጣው ገንዘብ ነው። ማለትም ፊልሙ ቤት ወለደ፣ ቤቱ ደግሞ ፊልሞቹን አስቀመጠ። ይህን ሳነብ ጥያቄዬ ግማሽ መልስ ያገኘ መሰለኝ። ገና ነበር።

መልስ 2ን የጻፈው ሰው አስተማሪ ነገር ይመስለኛል። ሰላምታ የለም፣ ቀጥታ እርማት። እኔ ማይፈዱ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ለዓመታት ደክሞ እንደሠራው አድርጌ ጽፌ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው። ፊልሙ በ1974 ሲቀረጽ ማይፈዱ የሚባል ነገር አልነበረም። ኃይሌ ያኔ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ተማሪ ነበሩ። በክረምት ዕረፍት አገር ቤት መጥተው በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹት። ፊልሙ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለእይታ የበቃው በ1976። ማከፋፈያው የተቋቋመው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ለሥራው የሚጠቀሙበት ሌላ ስም ደግሞ አለ፤ ነጎድጓድ ፕሮዳክሽንስ።

ፊቴ ቀላ። ግን ሁለቱ ሳምንት ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ አንዲት የ11 ደቂቃ ፊልም ይዤ ስምንት ወር ሆኖኛል። ደግሞ ጊዜውን አስቡት። በዚያ ክረምት ደርግ የጃንሆይን ባለሥልጣናት አንድ በአንድ እየለቀመ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 በእኛ አቆጣጠር ንጉሡ ወረዱ። አንድ ተማሪ በዚያው ሰሞን ገጠር ወርዶ ባለ መሬትና ገበሬ ይቀርጻል። መልስ 4 በዚህ ላይ ሲጨምር ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ባለርስቱን ሆኖ የሚተውን ሰው እንጂ እውነተኛውን ባለርስት የሚያገኝበት ዕድል አይኖርም ነበር ብሏል።

መልስ 3 ስሙ በፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ተጨነቀ። ማይፈዱ ነው ማይፌዱ? ስሙ ከግዕዝ የመጣ ነው፣ ባለቤቶቹም የባህል ጋሻ የሚል ፍቺ ሰጥተውታል። አንድ ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው በዚህ ላይ አራት አንቀጽ ጻፈ። እዘለዋለሁ። ነጎድጓድ የሚለው ግን ማንም ሳያስተረጉመው ገባኝ፣ ወደድኩትም።

መልስ 5 ከሃዋርድ የተመረቀች እህት ናት። ሁላችንም ሕንፃውንና መደርደሪያውን እያየን ዋናውን ምርት እንደረሳን ነው የነገረችን፤ ተማሪዎቹን። ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ ሃዋርድ አስተምረዋል። በእሳቸው ክፍል ካለፉት ውስጥ ለስፓይክ ሊ የመጀመሪያ ፊልሞች ካሜራ የያዘው ኧርነስት ዲከርሰን አለ። አርተር ጃፋ አለ። ብራድፎርድ ያንግም አለ፣ በ2017 ለኦስካር የታጨው የካሜራ ባለሙያ። እሷ ራሷ ፊልም አልቀጠለችም፣ አሁን ነርስ ናት። ግን እስከ ዛሬ ፊልም ስታይ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሳትፈልግ መቀመጥ እንደማትችል፣ ባሏም በዚህ እንደተማረረባት ጽፋለች።

መልስ 6 ለማያውቁት ሰዎች ስለ ስሙ አብራራ። ሳንኮፋ የጋና፣ የአካን ሕዝብ ቃል ነው። ተመለስና አምጣ እንደማለት። ምልክቱ አንገቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወፍ ነው። ፊልሙ ላይ አንዲት ሞዴል ጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶ ስትነሳ ወደ ኋላ ትወሰድና ባሪያ ሆና ትኖራለች። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ከዚያ አሜሪካ መጣ። የሚያከፋፍለው ጠፋ።

መልስ 7 ለእኔ የክሩ እምብርት ነው። የጻፉት በ1993 ዲሲ ታክሲ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው። አከፋፋይ እምቢ ሲል ባልና ሚስቱ ምን እንዳደረጉ አስረዱን። ሲኒማ ቤቱን በቁርጥ ዋጋ ተከራዩ። በተለመደው አሠራር ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ይወስዳል፣ አከፋፋዩ ድርሻውንና ወጪዬ ነው ያለውን ይወስዳል፣ ፊልም ሠሪው በመጨረሻ የቀረውን ይለቅማል፤ ከቀረ። ቤቱን ሲከራዩት ግን ባዶ ወንበር ቢሆን ኪሳራው የእርስዎ ነው፤ ቢሞላም ትርፉ የእርስዎ ነው። ታዲያ ማን ይሙላው? የጋዜጣና የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ገንዘብ የለም። ቤተ ክርስቲያን፣ ፀጉር ቤት፣ መጻሕፍት ቤት፣ የጥቁሮች ሬዲዮ፣ የተማሪ ማኅበር ነው ያለው። ሰውየው የፊልሙን የማስታወቂያ ወረቀት ታክሲያቸው የኋላ ወንበር ኪስ ውስጥ ይከቱ ነበር። ተሳፋሪ ያነበዋል። አንዳንዱ ይዞት ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ ማታ በሲኒማ ቤቱ ደጅ ሲያልፉ ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ሄዷል። መኪናቸውን አቁመው ዝም ብለው አዩት። ቲኬት አልቋል ተብለው እሳቸው ራሳቸው ሳያዩት ተመለሱ።

ፊልሙ በዚህ ዓይነት ከከተማ ከተማ ሄደ። ገንዘቡን ለማግኘት ብቻ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ፊልም ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ወረቀት እያደሉ መዞር!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ክፍል ውስጥ ፊልም አለቀ የሚባለው ኤዲቲንግ ጨርሰህ ኤክስፖርት ስታደርግ ነው። ሰማያዊዋ መስመር መቶ ስትሞላ እንጨበጨባለን። ያ ማታ ጥጉን የዞረው ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው ግን ያቺን መስመር አያውቃትም።

መልስ 8 አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ፕሮጀክተር ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ አባት ናቸው። ታክሲ ነጂውን ጋሼ እያሉ አከበሩና አንድ ነገር እንደዘለሉ ጠቆሙ፤ ክብደቱን። ያኔ ፊልም ማለት በኢሜይል የሚላክ ፋይል አይደለም። 35 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ጥቅል 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። የሁለት ሰዓት ፊልም ስድስት ሰባት ጥቅል ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ሆኖ ከ25 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ኦፕሬተሩ ሁለት ፕሮጀክተር አለው። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በምስሉ ቀኝ ጥግ፣ ከላይ በኩል፣ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። የመጀመሪያዋ ስትታይ ሁለተኛውን ሞተር ያስነሳል። ሁለተኛዋ ስትታይ ይቀይራል። ተመልካቹ ምንም አያውቅም። እሳቸው አሁንም ቴሌቪዥን ላይ የድሮ ፊልም ሲያዩ ነጥቧ ስትመጣ እጃቸው ይነሳል። ሚስታቸው ትስቅባቸዋለች።

ይህን መልስ ሦስቴ አንብቤዋለሁ።

ከ9 እስከ 13 ያለው ሁሉ የጆርጂያ አቬኑ የመኪና ማቆሚያ ችግር ነው። አንዱ ሁለት ቅጣት በአንድ ቀን በልቷል። አንዷ የቤቱ ቡና ጥሩ መሆኑን፣ ማኪያቶ ግን 9ኛ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ቤቶች እንደማይደርስ ፈረደች። ሌላው ተነስቶ ዱሮ እዚያ ሰፈር የነበሩትን ምግብ ቤቶች ቆጠረ። የእንጀራ ዋጋ ተነሳ። የእንጀራ ዋጋ ከተነሳ በኋላ ክር መመለሱ ከባድ ነው።

የመለሰው መልስ 14 ነው፤ በጥፊ። ከአዲስ አበባ የጻፈ ኤዲተር ነው። የእኔን አድናቆት የቱሪስት አድናቆት ብሎ ጠራው። ነጥቡን ግን መካድ አይቻልም። የኃይሌ ሌላ ፊልም፣ «ጤዛ»፣ ከሐሳብ እስከ ፊልም 14 ዓመት ፈጅቷል። በ14 ዓመት አንድ ልብ ወለድ ፊልም የሚያወጣ ቤት ድርጅት ሊባል አይችልም ባይ ነው። ድርጅት ደመወዝ ይከፍላል። ካሜራማኑ የቤት ኪራይ አለበት። ኃይሌ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ነበራቸው፣ ያ የሌለው ልጅ ይህን መንገድ ቢከተል ረሃብ ነው የሚጠብቀው። እኔንም አልማረኝም። ቡና እየጠጣሁ የሰው ስቃይ ላይ አበባ እንደማስቀምጥ ጻፈ። በመጨረሻም ፓርኪንግ ውስጥ የምሠራው ሥራ ከፊልሙ የተሻለ ገቢ እንደሆነና እንዳልለቀው መከረኝ።

ከፋኝ። መልስ ጽፌ አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ።

መልስ 15 ግን አላጠፋም። ከዳላስ የጻፈ ሰው ነው፣ እንደ እሳት ተነሳ። «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ ላይ ትልቁን የየኔንጋ ፈረስ ማግኘቱን ደረደረ። ከዚያ ኤዲተሩ በዕድሜው ስንት ሽልማት እንዳገኘ ጠየቀው። ይህ ክርክር አይደለም፣ ስድብ ነው። ስለ ካሜራማኑ የቤት ኪራይ አንድ ቃል አልመለሰም። ኤዲተሩ በ16 ይህንኑ አስታወሰው፣ እሱም ጨዋ አልነበረም።

ነገሩን ያበረደችው መልስ 17 ናት። በ1980ዎቹ ምሥራቅ ጀርመን የተማረች፣ አሁንም ላይፕዚግ የምትኖር ሴት። «ጤዛ» ላይ ዋናው ሰው አንበርብር ጀርመን አገር ዘረኞች በመስኮት ወርውረውት እግሩን ያጣል። እሷ ይህን ያየችው ከልጇ ጋር ነው። ልጇ ጀርመን ተወልዶ ያደገ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር እውነት ሊሆን እንደማይችል ነገራት። እሷ መልስ አልሰጠችውም። ዶርሟ ውስጥ ማታ ማታ በሯን በወንበር ትደግፍ እንደነበር ነገረችው። 14 ዓመት ረዥም ነው ወይስ አጭር የሚለውን እኔ አላውቅም ብላ ትታዋለች።

ያው፣ «ጤዛ» ከተነሳ ደርግ ይነሳል። ከ18 እስከ 24 ማን ማንን ገደለ ሆነ። አንዱ ኢሕአፓ ነበርኩ አለ፣ አንዱ መኢሶን፣ አንዱ በዚያን ጊዜ አራት ዓመት ልጅ እንደነበር አምኖ ከሁሉም በላይ ጮኸ። የመድረኩ ኃላፊ ሦስት መልስ አነሳ። ለዚህ ነው ቁጥሩ የሚዘለው፣ ስህተት እንዳይመስላችሁ።

መልስ 25 አንድ የጎንደር ሰው ናቸው፣ አንቱ ልበላቸው፣ አጻጻፋቸው ያስገድዳል። ሁላችንም ነገሩን ከአሜሪካ የጀመርነው መሆኑ አሳዝኗቸዋል። የኃይሌ አባት አቶ ገሪማ ታፈረ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፣ የአርበኞቹን ታሪክ የያዘውን «ጎንደሬ በጋሻው»ንም የጻፉት እሳቸው ናቸው። ልጁ ከአባቱ የቴአትር ቡድን ጋር እየዞረ ነው ያደገው። ቴአትሩ ሰው ወዳለበት ይሄዳል እንጂ ሰው ወደ ቴአትሩ አይመጣም። ታዲያ ሰውየው ዲሲ ላይ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ወረቀት ቢያድል ምን ይገርማል የሚል ነው የጎንደሬው ነገር። እኔ ይህን ሳነብ የአሜሪካ ብልሃት ያልኩት ነገር በእግር የመጣ ሆኖ አገኘሁት።

መልስ 26 ኤዲተሩ ነው፣ ተመልሶ መጣ። ጨከን ማለቱን አመነ፤ ይቅርታ ግን አላለም። ፈንታውን አንድ ታሪክ ነገረን። የአማርኛ ፊልም በዲጂታል ካሜራ እየተሠራ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ በሚያስይዝበት ዘመን እሱ አንድ ፊልም ላይ ረዳት ነበር። ገቢው ከሲኒማ ቤቱ ጋር በፐርሰንት የሚካፈሉት ነው። ፕሮዲዩሰሩ የተነገረውን የቲኬት ቁጥር ስላላመነ እሱን በር ላይ አቆመው። ሥራው የሚገባውን ሰው መቁጠር ነው። ኪሱ ውስጥ ሽንብራ ይይዛል። ዐሥር ሰው ሲገባ አንድ ሽንብራ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ያዛውራል። አንድ ቀን ራበውና ከግራ ኪሱ በላ። ሒሳቡ ተበላሸ። ፕሮዲዩሰሩ ጮኸበት፣ በኋላ ግን ሁለቱም ሳቁ። በኋላ ሲዲ ቀጂው መጣ፣ ከዚያ ዩቲዩብ መጣ፣ ሰልፉም ሽንብራውም ቀረ። ዩቲዩብ ላይ ማን እንዳየ የሚቆጥረው ሌላ ነው፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው ሌላ ነው። ይህን ከጻፈ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ፤ ያ ቤት የሚያስቀናው ሽልማቱ ሳይሆን ቆጣሪው የራሳቸው መሆኑ ነው።

ይህን ለምን መጀመሪያ አላለውም? አንዳንድ ሰው ካልተጣላ ማውራት አይችልም።

መልስ 28 ሁላችንንም ገሠጸች፣ ልክም ናት። እስከዚያ ድረስ የሺሪኪያናን ስም የጠራነው አንዴ ነው፣ እሱም ባለቤት እያልን። እሷ ራሷ ዳይሬክተር ናት። በ1982 «ብሪክ ባይ ብሪክ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች፣ ርእሰ ጉዳዩም ዋሽንግተን ውስጥ ጥቁር ነዋሪዎች ከሰፈራቸው መፈናቀላቸው ነው። እንግዲህ ወደ 2019 እንምጣ። ሰፈሩ ተወደደ፣ የንብረት ግብሩ ናረ፣ መጻሕፍት ቤቱ ራሱ ሊዘጋ ደረሰ። ሰው ተሰበሰበ፣ አቤት አለ። የከተማዋ ምክር ቤት ለዐሥር ዓመት የግብር እፎይታ ሰጠ። በካሜራ ያየችው ነገር ከ37 ዓመት በኋላ በሯን አንኳኳ። መልስ 28 ይህን ጽፋ ከዚያ በኋላ ስለ ማኪያቶ የሚያወራ ሰው ካለ እንደምትወጣ አስጠነቀቀች። የሚቀጥለው መልስ ስለ ማኪያቶ ነበር። ወጣች መሰለኝ፣ ድጋሚ አላየኋትም።

30 ላይ አንድ የፊልም ተማሪ፣ የእኔ ቢጤ፣ ስለ «ቡሽ ማማ» አነሳ። ኃይሌ በተማሪነታቸው ሎስ አንጀለስ የሠሩት ነው። መክፈቻው ላይ ፖሊሶች ሰዎችን አቁመው ሲፈትሹ ይታያል። የሚፈተሹት የራሳቸው የቀረጻ ቡድን አባላት ናቸው፣ ፖሊሱም እውነተኛ ፖሊስ ነው። ካሜራው አልቆመም። ያ ምስል ፊልሙ ውስጥ ገባ። ልጁ ይህን ያነሳው እኛ ፈቃድ አጣን ብለን ስንት ቀን እንደምንተኛ ለማሳየት ነው። እኔም አንድ ጊዜ የምሠራበት ፓርኪንግ ምድር ቤት ስቀርጽ ጥበቃው አስቁሞኛል። እኔ ካሜራውን አጠፋሁ። ስልክ ነበረ፣ ኪሴ ከተትኩት።

31 እና 32 ስለ ኔትፍሊክስ ተከራከሩ። በ2021 የዳይሬክተሯ የኤቫ ዱቨርኔ ድርጅት አሬይ «ሳንኮፋ»ን አሳድሶ በኔትፍሊክስ አወጣው። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ ኦስካር የሚሰጠው አካዳሚ ሙዚየም ኃይሌን ሸለመ። 31 ይህን እጅ መስጠት አድርጎ ነው ያየው፤ ያን ያህል ብቻቸውን ሄደው መጨረሻ ላይ የትልልቆቹ ድርጅቶች ደጅ። 32 ግን እሷ ባለችበት አገር ለልጆቿ ልታሳያቸው የቻለችው በዚያ ምክንያት እንደሆነ፣ 28 ዓመት የጠበቀ ሰው እጅ ሰጠ እንደማይባል መለሰችለት። እኔ ከ32 ጋር ነኝ። ደግሞ በር የመጣው እነሱን ፍለጋ ነው እንጂ እነሱ በር ፍለጋ አልሄዱም።

33 ላይ አንድ ሰው፣ በጣም በቀላሉ፣ የእኔ ፊልም የት እንዳለ ጠየቀኝ። ይህን ሁሉ ስንጽፍ እኔ ስለ ራሴ ፊልም አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ምን ልበል? 11 ደቂቃ ነው። ቡዝ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አባት ናቸው። ማታ ማታ ትንሿን ሬዲዮናቸውን መስታወቱ ላይ ይደግፋሉ፣ ምልክቱ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። መኪና ሲመጣ መስኮቱን ለመክፈት ሬዲዮውን ማንሳት አለባቸው፣ ድምፁ ይጠፋል። ይኸው ነው ታሪኩ። ለሦስት ፌስቲቫል ልኬ ሦስቱም አመሰግናለሁ ብለው መልሰውታል። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ከፍያለሁ። የሦስት ሌሊት ደመወዝ ነው።

ይህን እንደጻፍኩ 34 መጣ። ታክሲ ነጂው ናቸው፣ የመልስ 7 ሰው። ምክር አልሰጡም። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚያውቁት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ እንዳለ፣ ለአንድ እሁድ ከሰዓት 150 ዶላር እንደሚያከራይ ጻፉ። ወንበር 80 አለ። አውጥቶ መደርደርም መልሶ ማጠፍም የተከራዩ ሥራ ነው።

ከዚያ ክሩ ሌላ መልክ ያዘ። 35 ፕሮጀክተር እንደሚያውስ፣ ግን ገመዱ አጭር መሆኑን አስታወቀ። 36 አንድ 11 ደቂቃ ፊልም ለማየት ማንም ከሜሪላንድ ተነስቶ ድልድይ እንደማይሻገር ተናገረ፤ ሌላ አጭር ፊልም ያላቸው ልጆች ካሉ ይጨመሩበት። 37 አለኝ አለች፣ 39 አለኝ አለ። 38 ቡና ማን ያፈላል ብሎ ጠየቀ፣ ይህ ቀልድ አልነበረም፣ ረዥም ውይይት ሆነ። ኤዲተሩ በ40 ከአዲስ አበባ ሆኖ ቲኬት አምስት ዶላር እንዲሆንና በር ላይ የሚቆም ሰው ከቤተሰብ እንዳይሆን መከረ። ሽንብራ እንደሚልክ ጨመረበት።

ትናንት የ150 ዶላሩን ግማሽ ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ የተከራይ ስም የሚል መስመር አለ። ሴትዮዋ የድርጅት ነው የግል ብላ ጠየቀችኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ የራሴን ስም ጻፍኩ።

የመጨረሻው መልስ፣ 43፣ ዛሬ ጠዋት የገባው ነው። ፕሮጀክተር ያንቀሳቅሱ የነበሩት አባት ናቸው። ስለ ፊልሙ ምንም አልጠየቁኝም። አዳራሹ መስኮት እንዳለው፣ ካለው ወደ የት እንደሚያይ ነው የጠየቁት፣ ምድር ቤት ቢሆንም። ምክንያቱም እሁድ ከሰዓት ዐሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ ከምዕራብ ገብታ ሸራው ላይ ከተቀመጠች የፊልሜ አባት፣ ቡዟም፣ ሬዲዮዋም አይታዩም። ደውዬ ጠየቅሁ። ሁለት መስኮት አለ፣ ከመሬት በላይ፣ ሁለቱም በምዕራብ በኩል። ጥቁር ጨርቅ ያለው ሰው ካለ፣ ስፋቱ ሁለት ክንድ ይበቃል።